ጠመንጃው ለወንድሜ አይሰጥ ያልኩ ቀን

ይህን ታሪክ መካነ ሰላም ውስጥ ብትጠይቁ ከእኔ የተለየ ነገር ትሰማላችሁ። ከአፍ አፍ ሲዞር ብዙ ተጨምሮበታል፤ ወንድሜን ያሳሰርኩት የሚመስላቸው ሰዎች እንኳ አሉ። እኔ ያየሁትንና ከአፌ የወጣውን ብቻ ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ። እኔ እስካሁን በራሴ ላይ ፈርጄ አልጨረስኩም።

ያኔ በገበያው መግቢያ፣ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውል ሴት ነበርኩ። ዛሬም እዚያው ነኝ። ባሌ ደምሴ ሞቶብኛል፤ ሞተ ከምል ተገደለብኝ ብል ይሻላል። ከላላ ወረዳ የሚኖር አንድ ዘመዱ ልጁን ሲድር ለሠርጉ ሄደ። ዳሱ ውስጥ በመቀመጫ ጉዳይ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ አንድ የጠጣ ሰው ተኮሰ። ደምሴ የጭቅጭቁ ባለቤት እንኳ አልነበረም፤ ሊገላግል ነበር የተነሳው።

ገዳዩ ሽፍታ አልነበረም። ጠመንጃው ፈቃድ ያለው ነው። ፈቃዱን ሲያወጣ እንደ ደንቡ የቀበሌው ሰው ተሰብስቦ ስለ ጠባዩ ተጠይቋል። በዚያ ስብሰባ ላይ ከተናገሩት አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው እንባቸው እየወረደ፣ «ሲጠጣ እጁ ወደ መሣሪያ እንደሚሄድ እናውቅ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም?»

«ፊታችን ተቀምጦ? እንዴት ተብሎ? ዝንቡን እሽ አይልም ብለን አለፍነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይቺን አባባል በማንም ሰው አፍ ስሰማ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ሞተ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖር ገበሬ ነበር። ከአልጋው ራስጌ የምትሰቀል አንዲት አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበረችው፤ በበዓል ዋዜማ አውርዶ በዘይት ይወለውላት ነበር። ባለቤቱ ሲሞት መሣሪያው ወደ ቀበሌ ይገባል። ወራሽ በስሜ ይዙርልኝ ካለ ሌሎቹ ወራሾች መስማማት አለባቸው፤ ሕዝቡም በአደባባይ ይጠየቃል፤ ጠብ አለበት ወይ፣ ይጠጣል ወይ እየተባለ። ወራሾቹ እናታችን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ነበርን።

ጌታቸውን አዝዬ ነው ያሳደግኩት። አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሎ ጠራኝ፤ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዶም ከእታለም ሌላ ስም ሰጥቶኝ አያውቅም። ደምሴ ሲሞት ሬሳውን ከከላላ ይዞልኝ የመጣው እሱ ነው። መንገዱን ሁሉ ሳጥኑን አቅፎ እንደተቀመጠ ነግረውኛል። እንግዲህ ያን ቀን የተናገርኩት በእንዲህ ያለ ወንድሜ ላይ መሆኑን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ጌታቸው ከወሰንተኛው ከመኮንን ጋር በአንዲት ቁራጭ መሬት ተካሶ ተረትቶ ነበር። በሬ አዙሮ ለማረስ እንኳ የማትመች ቁራጭ ናት። አባቴ በሕይወት እያለ መኮንን ፍርዱን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። አባታችን በተቀበረ ሰሞን ግን መሬቷ ላይ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከለባት።

የአባታችን የአርባ ተዝካር በወጣ ማግስት እሑድ ነበር። ጌታቸው ጠመንጃው በስሜ ይዙርልኝ ብሎ አመልክቶ ነበር፤ ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ስለተባለ ጠዋት ከጌታቸው ሚስት ከውድነሽ ጋር ጓሮ ተቀምጠን የተዝካሩን ዕቃ እናጥባለን።

«እታለም፣ ልጆቹን ይዤ ደጎሎ እናቴ ዘንድ ልሄድ ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። ማክሰኞ ሂጂ ብሎኛል።»

«ትምህርታቸውስ?»

«እኔም ትምህርታቸውስ ብዬው ነበር።» እንስራውን ገልብጣ እጣቢውን ደፋችው። «ገብሱን ከጎተራ አውጥቶ ወደ አጎቱ ቤት አስጭኖታል። ላሟንም ወስደዋታል። አይተሽ የለ በረቱ ባዶ ነው።»

ከተማ ላደጋችሁት ላስረዳ። በእኛ አገር አንድ ሰው ልጆቹን፣ እህሉንና ከብቱን ባንድ ሰሞን ከቤቱ ካሸሸ ሰው ሊገድል አስቧል ማለት ነው። ገዳይ ከሸሸ በኋላ የሟች ወገን መጥቶ ቤቱን እንደሚያቃጥል ስለሚያውቅ አስቀድሞ ባዶ ያደርገዋል። ይህን የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። አህዮቹ ገብስ ተጭነው በጠራራ ፀሐይ ሲያልፉ መንደሩ ሁሉ አይቷል፤ አይቶም «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ አሳልፏል።

«መኮንንን ነው?» አልኳት።

«'ስሙ ብቻ ይዙርልኝ' ይላል። ከዚያ ወዲያ አይናገርም። ደጃፍ ቁጭ ብሎ ችግኞቹን ሲያይ ይውላል።»

«አንቺ ለምን ስብሰባው ላይ አትናገሪም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ተናግረሽ መካነ ሰላምሽ ትገቢያለሽ። እኔ የት እገባለሁ?»

እጄን አደራርቄ ተነሳሁ።

ወደ ስብሰባው ስንወርድ ጌታቸው ለእማዬ የሚሆን በርጩማ ይዞ ከፊት ይሄዳል። እማዬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ኋላ ቀርታለች። ተራምጄ ደረስኩበት።

«ልጆቹ ደጎሎ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለጥየቃ ነው። አያታቸው ናፍቀዋታል።»

«ገብሱስ? እሱም ለጥየቃ ነው የሄደው?»

ሳቀ። ሲስቅ አባቴን ይመስላል። «እታለም፣ አንቺ እኮ ድሮም ምንም አያመልጥሽም።»

«መኮንን ልጆች አሉት፣ ጌትዬ።»

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። «እኔስ የለኝም? አባባ እያለ አንድ እግሩን እንኳ ወደዚያች መሬት አላነሳም። ለምን? ከራስጌው ያለችውን ያውቃታላ። እሷ ከቤታችን በወጣች ማግስት ዛፍ ተከለባት። ነገ ደግሞ ከብቴን ይነዳል።»

«ሕግ አለ።»

«ሕግማ መሬቴን ለሱ ሰጠልኝ። አሁን ደግሞ ጠመንጃዬን ለእኔ ይስጠኝ።»

«እኔ ባል የለኝም፣ ጌትዬ። ወንድምም እንዳይኖረኝ ነው?»

በርጩማውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረውና መንገዱን ቀጠለ። እኔም እንደተናደደ ሰው ኋላው ኋላው ተከተልኩት፤ ግን ንዴት አልነበረም፤ ፈርቼ ነበር። ደምሴን ያመጡበት ሳጥን በዓይኔ ላይ ይመላለሳል። በውስጡ አንዴ መኮንንን አያለሁ፣ አንዴ ጌታቸውን።

ስብሰባው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር ነው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሼህ ይማም ነበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ እሳቸው ካልተቀመጡ እርቅ አይጸናም ይባላል። ሰው ሳይሞላ ጠጋ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

«ሼህ ይማም፣ ነገሩ ለሌላ ቀን ይቆይ ብለው ይንገሩልኝ።»

«ለምን፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሚስቱን ስም ሳላነሳ፣ የጎተራውን ነገር ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ሰሙኝ።

«አብሽሪ» አሉኝ መጨረሻ ላይ። «ግን በጆሮዬ የተነገረኝን ነገር እኔ በአደባባይ አላወጣም። እንዲያ ካደረግኩ ከነገ ጀምሮ ማንም ምስጢሩን አያዋየኝም። በአደባባይ የሚጠየቅ በአደባባይ ይመለሳል። የምትይው ካለሽ አንቺው ትያለሽ።»

ሴቶቹ ዘንድ ሄጄ ከእማዬ ጎን ተቀመጥኩ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ወጣት ነው፤ የለበሰው ጃኬት ክርኑ ላይ ተተርትሯል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ይህን ማየቴ ይገርመኛል፤ የሙያ ነገር ሆኖ ዓይኔ ስፌት ላይ ነው የሚያርፈው። ተነስቶ ሕጉን አስረዳ። ጠመንጃ ለሁሉም እንደማይሰጥ፣ ጠብ ያለበት፣ የሚጠጣ፣ የሚዝት ሰው እንደማይታጠቅ ተናገረ። ከዚያ የጌታቸውን ስም ጠራና ተነስቶ በሕዝቡ ፊት እንዲቆም አደረገው። ወንድሜ ለተዝካሩ የሰፋሁለትን ሸሚዝ እንደለበሰ ቆመ።

«ስለ አቶ ጌታቸው የምታውቁትን ተናገሩ» አለ ኃላፊው።

«ሸጋ ልጅ ነው» አለ አንዱ።

«አባቱም ሰላማዊ ሰው ነበር፣ እሱም እንደዚያው ነው» አለ ሌላው።

የጎረቤታችን የእሸቱ ተራ ደረሰ። አህዮቹ የተጫኑት በእሱ ደጃፍ ነው፤ አንዷ አህያም የእሱ ናት። «ኧረ ዝንቡን እሽ አይልም» አለ።

እማዬ እጄን ያዘችኝ።

ኃላፊው ወደ መኮንን ዞረ። «እርስዎ ወሰንተኛው ነዎት። ተካሳችሁ እንደነበርም ሰምቻለሁ። በመሃላችሁ ጠብ አለ?»

መኮንን ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ። በዚያን ጊዜ እባክህ ተናገር፣ እፈራዋለሁ በል፣ ብዬ በሆዴ ለመንኩት። አንድ ቃል ቢናገር እኔ እድን ነበር፤ እሱም ይድን ነበር። ግን እስቲ አስቡት፣ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያይ፣ ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ስትሰማ፣ ጎረቤቴን እፈራለሁ ብሎ ማን ይናገራል?

«ጠብ የለንም» አለ መኮንን። «ወንድሜ ነው። መሣሪያ ለሱ ካልተሰጠ ለማን ይሰጣል?»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። እሷም አህዮቹን አይታለች። ጌታቸው እንኳ ለአፍታ ያህል ዓይኑን ከመኮንን አሸሸ።

«እንግዲህ የሚቃወም ከሌለ...» አለ ኃላፊው።

«እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔው ድምፅ ነበር። ከእማዬ እጅ መቼ እንደወጣሁ፣ መቼ እንደቆምኩ አላስታውስም።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እህቱ ነኝ። ወራሽም ነኝ። አልስማማም።»

«በምን ምክንያት?»

ጌታቸው አየኝ። ቁጣ አልነበረም ፊቱ ላይ፤ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ሲወድቅ እንደሚያየኝ ነበር ያየኝ፣ መጥቼ እንዳነሳው። ያን ዓይን እስከምሞት አልረሳውም።

«ጎተራው ባዶ ነው» አልኩ። «በረቱም ባዶ ነው። ልጆቹ ማክሰኞ ይሄዳሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ባሌን የገደለውን ሰውም እንዲሁ ተሰብስበው ዝንቡን እሽ አይልም ብለውት ነበር። ወንድሜን እወደዋለሁ። ጠመንጃው ለወንድሜ አይሰጥ።»

ኃላፊው ወደ ጌታቸው ዞሮ «እህልዎ የት ነው?» አለው።

ጌታቸው አልመለሰም። እሸቱ የጫማውን አቧራ ያራግፋል። በመጨረሻ ሼህ ይማም ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «አሁንማ በአደባባይ ተነገረ» አሉ። «አህዮቹ ተጭነው ሲያልፉ እኔም አይቻለሁ።»

በዚህ አለቀ። ኃላፊው መሣሪያው ለጊዜው ባለበት እንደሚቆይ ተናገረ። ኋላም ወረዳ ወስደው አስቀሩት።

ሰው ሲበተን እማዬ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። «ልጄን በአደባባይ ገፈፍሽው» አለችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጌታቸው እሷን ለማንሳት መጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ባልሽን እኔ አልገደልኩትም፣ አስካለ» አለኝ።

በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲያ በምንም ጠርቶኝ አያውቅም።

የቀጠሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና የስፌት መኪናዬ ነን የምናውቀው። ከገጠር የሚመጣ ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ባየሁ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ጠመንጃ የሚገኘው ከቀበሌ ብቻ አይደለም፤ ፈላጊ ካለ በየጉራንጉሩ ሻጭ አለ። ማክሰኞ ደረሰ፤ ውድነሽ ደጎሎ አልሄደችም ተባለ። ሰንበትበት ብሎ ላሟ ተመለሰች፤ ገብሱም ተመለሰ። ችግኞቹ አደጉ። ምንም ነገር አልሆነም።

እኔን የጎዳኝ ይኸው ምንም ነገር አለመሆኑ ነው። «አያችሁ? ምንም ላይሆን ወንድሟን አዋረደችው» ማለት ተጀመረ። ደንበኞቼ ቀነሱ። በዚያው ክረምት ሌቦች የጌታቸውን ጊደር ነዱበት። «ጊደሬን አስካለ ታምጣልኝ» ማለቱን ነገሩኝ። ስቄ ላልፈው ሞከርኩ፤ ግን በዚህስ እውነት አለው። ምንሽሯ ከራስጌው ብትሆን ሌባው ምናልባት ሌላ በረት ይመርጥ ነበር። ይህን ሸሽጌ ብነግራችሁ ታሪኩ ይጎድላል።

መስከረም ከጠባ በኋላ ሼህ ይማም ጀለቢያቸው ተተርትሮ ለማሰፋት ወደ በረንዳዬ መጡ። ጌታቸውና መኮንን መታረቃቸውን ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም። ሼህ ይማም ግን አብረውኝ አልተደሰቱም።

«ሁለቱም ማሉ» አሉኝ። «በመሃላችን ክፉ ሐሳብ አልነበረም ብለው ማሉ። ገብሱን ነቀዝ ስለገባበት ነው ያወጣሁት አለ ወንድምሽ። መኮንንም ልክ ነው አለ።»

«ታዲያ የእኔ ንግግር ምን ሆነ?»

«ውሸት ሆነ።»

መኪናዋን አቆምኩ። «አንቱስ? አንቱ አይተው የለ?»

«አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ልጄ፣ እርቁ እንዲቆም ጥፋቱ አንድ ቦታ ማረፍ ነበረበት። በአንዱ ላይ ካረፈ ነገ እንደገና ይነሳል። ሁለት ቤት ከሚፈርስ በአንቺ ላይ ይረፍ ብዬ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ጀለቢያቸውን ሰፍቼ ሰጠኋቸው። አልተቀየምኳቸውም ብል እዋሻለሁ፤ ተቀይሜያቸዋለሁ። ግን እሳቸውን ብሆን ኖሮ ሌላ ምን አደርግ እንደነበር እስካሁን አልመጣልኝም።

ባለፈው ዓመት እማዬ አረፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳታነጋግረኝ አረፈች። ቀብሯ ላይ አፈሩን የሚመልሱት ጌታቸውና መኮንን ነበሩ። አንዱ ሲደክመው አካፋውን ለሌላው ያቀብላል። አንዴ መኮንን በጌታቸው ትከሻ ላይ እጁን አድርጎ፣ በል አንተ እረፍ፣ ሲለው ሰማሁ። ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ለእማዬ ይሁን ለዚያች አካፋ እንደማለቅስ ለራሴም አልለይ አለኝ። ሲጨርሱ ሁለቱም በአጠገቤ አለፉ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ሁለቱም አያነጋግሩኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሕግ ጠመንጃን ይገታል አይገታም እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው በእኔ ላይ የደረሰውን ነው። ለባሌ ገዳይ ጠመንጃ የፈቀደውም ለወንድሜ የከለከለውም አንድ ዓይነት ሕግ ነው፤ በዚያኛው ስብሰባ ላይ የሚናገር ጠፋ፣ በዚህኛው አንድ ሰው ተናገረ። ሕጉ ጠይቆ ይቆማል፤ መመለሱ የእኛ ነው። ስትመልሱ ደግሞ አመሰግናለሁ የሚላችሁ እንደማታገኙ ከአሁኑ እወቁት። ለተገደለ ሰው ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀስለታል። ሳይገደል ለቀረ ሰው ምን ይደረጋል? ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ሲገዛ ታዩታላችሁ፤ እሱ ሲያያችሁ ፊቱን ያዞራል። አንዳንድ ቀን እኔም ምናልባት አያደርገው ነበር ይሆናል እላለሁ። መቼም አላውቅም። ለማወቅ የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዝም ማለት ነው።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ቅቤ ሻጯ እትዬ ዘሀራ ከዚያ ሰፈር ስትመጣ ክር ታመጣልኛለች። ውድነሽ ናት የምትልከው። የልጇን ቁመትና የእጅጌዋን ርዝመት በቋጠሮ ለክታ ትልካለች፤ እኔ ዩኒፎርሙን ሰፍቼ እመልሳለሁ። ማን እንደሰፋው ለጌታቸው አይነገረውም። የወንድሜ ልጅ ምን ያህል እንዳደገች የማውቀው በዚህ ነው። ዘንድሮ እትዬ ዘሀራ ሁለት ክር ይዛ መጣች።

«ይቺኛዋስ የማን ናት?» አልኳት።

«የመኮንን ልጅ ናት። አንድ ክፍል ናቸው አሉ፤ ያለ እሷ አትሄድም። እናቷ፣ ለእኔም ልጅ ከዚያው ጨርቅ ትስፋላት ብላለች።»

ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ የአንደኛዋ አባት መቃብር፣ የሌላዋ አባት ወህኒ ቤት ይሆን ነበር፤ እነሱም አብረው ሊሄዱ ቀርቶ በአንድ መንገድ አያልፉም ነበር። ወይም እንደ ሰዉ አባባል ምንም አይሆንም ነበር። ጨርቁን ቆረጥኩና ሁለቱንም ሰፋሁ። ልጆቹ ገና ያድጋሉ ብዬ፣ ኋላ ለማስረዘም እንዲመች፣ የሁለቱንም ጠርዝ ሰፋ አድርጌ አጠፍኩት።